«ሶን» ወይስ «ሳ»? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰሞኑን ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ሰው ቤቱ ሲከተት ደብዳቤ ይጽፋል መሰለኝ፣ የዚህ ወር ጥያቄዎች ከወትሮው በዝተዋል። የሚገርመው አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ተሰናክለዋል። «የኔ፣ ያንተ፣ የሱ፣ የሷ» በፈረንሳይኛ። ሰዋስው የሚጽፉ ሰዎች አገናዛቢ ቅጽል ይሉታል። እኔ ክፍል ውስጥ «የማን ነው» እያልኩ ነው የማስተምረው፤ ቀለል ይላል።

ዓምዱን አዲስ ለጀመራችሁ፦ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር፤ ፈረንሳይኛን ከእሳቸውና ከሥራ ጓደኞቻቸው አፍ ነው የለቀምኩት። ትዳር ጅማ አመጣኝ። አሁን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ባለች ክፍል፣ ከሰዓት ከሰዓት አስተምራለሁ። እዚህ የፈረንሳይኛውን ቃል እንደሚነበበው በፊደላችን ነው የምጽፈው። «ሞን፣ ቶን፣ ሶን» ላይ ያለችውን «ን» ስታነቡ ምላሳችሁን ጥርሳችሁ ላይ አታስነኩ። በአፍንጫ ትለፍ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህርት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፈረንሳይኛ የምማረው በስልኬ ነው፤ መተግበሪያው የሚያስረዳው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለ እህቴ መጽሐፍ ስጽፍ «ሳ ሊቭር» አልኩ፤ ቀይ አደረገብኝ። ስለ ወንድሜ ቤት «ሶን ሜዞን» አልኩ፤ እሱንም ቀይ። እህቴ ሴት፣ ወንድሜ ወንድ! ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? (ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ ልጄ፣ አይፈረድብሽም። ያሳሳተሽ እንግሊዝኛው ነው። ለነገሩ አማርኛውም አግዞታል።

በእንግሊዝኛ «ሂዝ» ካልሽ ባለቤቱ ወንድ ነው፤ «ኸር» ካልሽ ሴት ናት። ንብረቱ መጽሐፍ ይሁን ቤት፣ ላም ይሁን እስክሪብቶ፣ ቃሉ ዞር ብሎም አያየው። አማርኛም እንደዚያው ነው። «መጽሐፉ» የወንዱ፣ «መጽሐፏ» የሴቷ። ሁለቱም ቋንቋዎች «የማን?» ብለው ይጠይቃሉ። ፈረንሳይኛ ግን የሚጠይቀው «ምኑ?» ብሎ ነው። የተያዘው ነገር ወንዴ ነው ሴቴ? አንድ ነው ብዙ? የያዘው ሰው ወንድ ሆነ ሴት ግድ የለውም።

«ሊቭር»፣ ማለትም መጽሐፍ፣ ወንዴ ነው። ስለዚህ የእህትሽም የወንድምሽም መጽሐፍ «ሶን ሊቭር» ነው። «ሜዞን»፣ ቤት፣ ሴቴ ናት። የሁለቱም ቤት «ሳ ሜዞን» ነው። ብዙ ሲሆን ጾታው ይቀርና «ሴ» ብቻ ይሆናል፦ «ሴ ሊቭር»፣ «ሴ ሜዞን»። «የኔ» ስትዪም መንገዱ ያው ነው። ለወንዴ «ሞን»፣ ለሴቴ «ማ»፣ ለብዙ «ሜ»። «ያንተ» «ቶን፣ ታ፣ ቴ» ነው። «ያንቺ»ም እሱው ነው! እኛ «ስምህ፣ ስምሽ» ብለን በጥንቃቄ የለየነውን ፈረንሳይኛ አንድ ላይ ጠቅልሎታል። ይህን የሰማ ተማሪ ብዙ ጊዜ እፎይ ይላል። «የኛ» እና «የናንተ» ላይ ደግሞ ጭራሽ ጾታ የለም፦ ለአንድ ነገር «ኖትር» እና «ቮትር»፣ ለብዙ «ኖ» እና «ቮ»። «የነሱ» «ለር» ነው፤ እሱን አንድ ሌላ ጠያቂ ስላነሳው እዚያ እመለስበታለሁ።

ከጅማ ስለጻፍሽልኝ አንድ ነገር ልጨምር። አፋን ኦሮሞ ትናገሪ እንደሆነ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ትቀድሚያለሽ። በምዕራቡ አነጋገር አባቴ «አባ ኮ» ነው፤ እናቴ ግን «ሃርሜ ቶ»። ተናጋሪው ያው አንድ ሰው ነው። «ኮ»ን ወደ «ቶ» የለወጠው ከፊቱ ያለው ስም ነው። «ሞን ፔር»፣ «ማ ሜር» ማለት ቁርጥ ይኸው ነው። በእርግጥ ሁሉም ቦታ እንዲህ አይባልም፣ «ኮ»ን ለሁሉም የሚጠቀሙ አሉ። «የሱ» እና «የሷ» ላይ ሲደርስም አፋን ኦሮሞ ፊቱን ወደ ባለቤቱ ያዞራል። ቢሆንም ይህን ክፍል ውስጥ ሳነሳ ከማና እና ከአጋሮ የመጡት ልጆች ፊታቸው ይበራል። ለዓመታት አፋቸው ላይ የነበረ ነገር ነዋ። በእንግሊዝኛ ዞረው ሲመጡ ግን ያንኑ ነገር እንደ እንግዳ ያዩታል። ስለዚህ እላለሁ፦ ፈረንሳይኛ ስትጽፊ ከ«ሂዝ» እና ከ«ኸር» አትነሺ። ከስሙ ተነሺ። መጀመሪያ «ኧን ሊቭር» (አንድ መጽሐፍ)፣ «ዩን ሜዞን» (አንድ ቤት) በዪ፤ «ኧን» የወንዴ፣ «ዩን» የሴቴ «አንድ» ነው። «ኧን» ካለ «ሶን»፣ «ዩን» ካለ «ሳ»። የሰውየው ጾታ ይቆይ።

«ታዲያ የማን መሆኑ በምን ይታወቃል?» ማለትሽ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ከወሬው ይታወቃል። «ኤል ሼርሽ ሶን ሳክ» ብትዪ፣ ቦርሳዋን ትፈልጋለች፣ የማን ቦርሳ እንደሆነ የሚጠይቅሽ የለም። የግድ መለየት ሲያስፈልግ ከኋላ ይጨመራል፦ «ሶን ሊቭር አ ሉዊ» የሱ መጽሐፍ፣ «ሶን ሊቭር አ ኤል» የሷ መጽሐፍ። ግን አታብዢው። በየዓረፍተ ነገሩ ከደነቀርሽው የተጨቃጨቀ ሰው ንግግር ይመስላል። እኛስ «ቤቱ ፈረሰ» ስንል የሱ ቤት ይሁን አንድ የምናውቀው ቤት መቼ እንለያለን? ኖረንበታል።

ጥያቄ፦ ሂርማታ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። «ዕቃው ሴቴ ከሆነ ማ» ይሉናል። እሺ። ጠረጴዛ ሴት መሆኗን በምን ልወቅ? ዝም ብሎ መሸምደድ ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ ሽምደዳ ነው፣ አልዋሽህም። ግማሹ ግን መላ አለው።

መላው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። በ«ስዮን» የሚያልቁት፣ «ናስዮን»፣ «ስታስዮን»፣ ሴቴ ናቸው። በ«ኤት» የሚያልቁትም በአብዛኛው ሴቴ ናቸው፣ እንደ «ቢሲክሌት»። በ«አዥ» የሚያልቁት ደግሞ አብዛኞቹ ወንዴ፦ «ቪላዥ»፣ «ቯያዥ»፣ «ጋራዥ»። «ኦ» ብለው የሚያልቁ፣ እንደ «ሻፖ» እና «ቢዩሮ»፣ በብዛት ወንዴ ናቸው። ጋራዥና ቢሮን እኛም እንላቸዋለን፣ ስለዚህ «ሞን ጋራዥ»፣ «ሞን ቢዩሮ» ብለህ ያዛቸው። አፈንጋጮች አሉ። «ፓዥ»፣ ገጽ፣ «ፕላዥ»፣ የባሕር ዳርቻ፣ «ኢማዥ»፣ ምስል፣ ሦስቱም ሴቴ ናቸው። ውሃ ራሷ «ኦ» ተብላ ሴቴ ናት።

ለገሃር የሚለውን የአዲስ አበባ ሰፈር ታውቀዋለህ። መነሻው «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያው። «ላ» ስላለ ሴቴ ናት፣ «ማ ጋር» ትባላለች። እኔ ይህችን ቃል ሳልማር ነው የማውቃት፤ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ።

አንተ ከምትሠራበት ብትጀምር ይሻልሃል። ጆንያው «ሳክ» ነው፣ «ሞን ሳክ»። ሚዛኗ «ማ ባላንስ»። ፋክቱሯ «ማ ፋክቲዩር»። ቡናው «ሞን ካፌ»፣ ሲኒዋ «ማ ታስ»፣ ስኳሩ «ሞን ሲዩክር»፣ ማሩ «ሞን ሚየል»። በቀን የምትነካቸውን ነገሮች በዚህ መልክ ስም ስትሰጣቸው አፍህ ይለምዳል። ከመጽሐፍ ጀርባ ያለ የሦስት ገጽ ዝርዝር ግን ማንንም ሲያስተምር አላየሁም።

«ለስላሳና ቆንጆ ነገር ሴት፣ ጠንካራ ነገር ወንድ» የሚሉህን አትስማ። መዶሻ ወንዴ መጥረቢያ ሴቴ የሆነበት ቋንቋ ነው። ከአማርኛም ጋር አታምታታው። እኛ ያንኑ ሲኒ «ይሄ ሲኒ» ብለን፣ ትንሽ ሲያሳሳን ደግሞ «ይቺ ሲኒ» እንላለን። እንደ ስሜታችን ነው። ፈረንሳይኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ነፃነት የለም። ታስ ሴቴ ናት፣ ብትሰበርም ሴቴ ናት።

ለጅማ ሰው ብቻ የምነግረው አንድ ነገር፦ አቮካዶ «አቮካ» ነው፣ ወንዴ። ጠበቃም «አቮካ» ነው። «ሞናቮካ» ብለህ «በጣም በስሏል» ስትል ከየትኛው እንደምትናገር አስተውል።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ አንዲት ጓደኛ አለችኝ (ጓደኝነት ብቻ ነው፣ ሰው እንዳያነብብኝ)። ሴት ስለሆነች «ማ አሚ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ «ሞን አሚ» ብለው አረሙት። ሴትን «ሞን»? ሕጉ ራሱ ተጣሰ እኮ! (ከቆጪ)

መልስ፦ ሕጉ አልተጣሰም፣ አፍ ነው ያልተመቸው። «ማ» በ«አ» አለቀ፤ «አሚ» በ«አ» ጀመረ። ሁለት አናባቢ ተጋጨ። ፈረንሳዮች ይህን አይወዱም። ስለዚህ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር «ማ፣ ታ፣ ሳ» ቀርተው «ሞን፣ ቶን፣ ሶን» ይገባሉ። በዚህ ጊዜ «ን»ዋ ከአፍንጫ ወጥታ ከቀጣዩ ቃል ጋር ትጣበቃለች፦ «ሞናሚ»፣ «ሞኔኮል»፣ «ሶናድሬስ»።

እኛም እኮ ግጭቱን አንወደውም። «የእኔ» ብለን እንጽፍና «የኔ» እንላለን። «የአንተ» «ያንተ» ይሆናል። አንዱን አናባቢ እንውጠዋለን። የጥንቱ ፈረንሳይኛም ይህንኑ ያደርግ ነበር። «ማ»ን ቆርጦ «ማሚ» ይል ነበር፣ ወዳጄ ለማለት። ኋላ ላይ መቁረጡ ቀረና «ሞን» ተተካ። ያቺ አሮጌ «ማሚ» ግን ሰዉ አከፋፈሏን ረስቶ «ማ ሚ» ብሎ ለሁለት ሰንጥቋት በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ትገኛለች። ፍቅረኛዬ ማለት ነው። አንተን ስለማይመለከትህ እንለፈው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ቀጥሎ ነው። «ሞን» የሚያየው ስሙን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ቃል ነው። መሐል ላይ ሌላ ቃል ከገባ ሒሳቡ ይቀየራል። «ሞኔኮል» ትምህርት ቤቴ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤቴ ግን «ማ ኑቬል ኤኮል»፣ ምክንያቱም «ኑቬል» በተነባቢ ይጀምራል። ምርጧ ጓደኛህም «ማ ሜየር አሚ» ናት። ተገላቢጦሹም አለ። እህቴ «ማ ሰር» ናት፤ ሌላዋ እህቴ ግን «ሞኖትር ሰር»፣ «ኦትር» በአናባቢ ስለጀመረ።

ሌላም አለ። «ሞን» ስላልካት ወንድ አልሆነችም። ደስ ብሏታል ስትል «ሞናሚ ኤ ኮንታንት» ነው፣ መጨረሻ ላይ «ት» ትሰማለህ። «ኮንታን» ካልክ ግን ወንድ ጓደኛህ ነው የተደሰተው። ስትናገር የሴት መሆኗ ምልክት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። ስትጽፍም «አሚ» ላይ የምትጨመረውን የሴት ፊደል አትርሳ፤ ጆሮ አይሰማትም፣ አራሚ ግን ያያታል።

በድምፅ አልባው «ኤች» የሚጻፉ ቃላትም እንደ አናባቢ ይቆጠራሉ፦ «ሞኒስትዋር»፣ ታሪኬ። ጥቂቶች ግን በር ይዘጋሉ። እፍረት «ኦንት» ናት፤ «ማ ኦንት» እንጂ «ሞኖንት» አይባልም። መጥረቢያም «ማ አሽ» ናት። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከፊታቸው ትንሽ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ እሷን እያያችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ስንባል «ሞን ፔር ኤ ለር ቭዋቲዩር» አልኩ። አባቴና መኪናቸው ማለቴ ነው። መምህሬ «ለር»ን ሰርዞ «ሳ» አደረገው። ለአባቴ «ሳ»? እኔ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም። በፈረንሳይኛ ክብር የለም ማለት ነው? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ የዚህ ወር ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። አንጀቴን በላኸው። መምህርህ ግን ትክክል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከኛው ደግነት ነው። በአማርኛ «መኪናቸው» ስንል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የብዙ ሰዎች መኪና፣ ወይም የአንድ የምናከብረው ሰው መኪና። «-አቸው» ለብዛትም ለክብርም ይሠራል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተጻፈ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር አይጽፍልህም፣ እንግሊዞቹ ችግሩ የለባቸውማ። ለዚህ ነው አንድን ነገር በሰው ቋንቋ በኩል ስትማር ያ ሰው የተደናቀፈበትን ብቻ የምትማረው። የኛን ድንጋይ ማንም አያነሳልንም።

ፈረንሳይኛ ለሦስተኛ ሰው ክብር የሚሰጥ አገናዛቢ የለውም። «ለር» ማለት ብዙ ሰዎች ማለት ብቻ ነው። «ሞን ፔር ኤ ለር ቭዋቲዩር» ስትል የሚያነብህ ፈረንሳዊ «የእነማን መኪና? ከማን ጋር ነው የገዙት?» ብሎ ይደናገራል። አባትህ ብቻቸውን ከሆኑ «ሞን ፔር ኤ ሳ ቭዋቲዩር»። የኔም አባት ባቡር ሲጠብቁ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ «ሞን ፔር ርጋርድ ሳ ሞንትር» ብዬ ነው የምጽፈው። ሰዓቷ ሴቴ ስለሆነች «ሳ» ተባለች፤ ከሳቸው ማዕረግ የተቀነሰ ነገር የለም።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት አስብ። አባ ጅፋር ዳግማዊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት፣ ቤተ መንግሥታቸው «ሶን ፓሌ» ነው የሚባለው። የበረኛቸው ዱላም «ሶን ባቶን»። ንጉሥና በረኛ እዚህ እኩል ናቸው። ክብሩን የምታስገባው ሌላ ቦታ ነው፣ በማዕረግ ስሙ፣ ወይም ሰውየውን ፊት ለፊት ስታናግር። ያኔ «ቮትር» አለልህ። «ቮትር» ለእርስዎም ለእናንተም ይሆናል፣ እንደኛ «-አቸው» ሁለት ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አባትህን በፈረንሳይኛ ብታናግራቸው «ቮትር ቭዋቲዩር» ማለት ትችላለህ። ፈረንሳይ አገር ግን አብዛኛው ልጅ አባቱን «ታ ቭዋቲዩር» ነው የሚለው። አንተ እንዳሰኘህ፤ እኔ ብሆን ከአባቴ ጋር «ታ» አልወጣልኝም።

ስለ «ለር» ይህን ያህል ከተናገርን ጥቂት እንጨምር። «ሶን» እና «ሳ» ጾታ ሲኖራቸው «ለር» ለምን የለውም? ዘሩ ሌላ ስለሆነ ነው። «ሶን» የመጣው ከንብረቱ ጋር ከሚስማማ የላቲን ቃል ነው። «ለር» ግን ከ«ኢሎሩም» ወጣ፣ «የእነዚያ» ማለት ነው። ስለዚህ «ለር ፔር»፣ «ለር ሜር»፣ ለውጥ የለም። ብዙ ነገር ሲኖራቸው ግን በጽሑፍ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ይጨመራል። በእንግሊዝኛ «ዜር» ብለው ለአንዱም ለብዙውም ስለሚሉ፣ ከእንግሊዝኛ የሚመጣ ተማሪ ይቺን «ኤስ» ሁልጊዜ ይረሳታል። አማርኛህን ጠይቀው፦ «መኪናቸው» ከሆነ ያለ «ኤስ»፣ «መኪኖቻቸው» ከሆነ ከ«ኤስ» ጋር። ጆሮ የሚለየው ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ብቻ ነው። ልጃቸው «ለራንፋን»፣ ልጆቻቸው «ለርዛንፋን»። «ለር ቭዋቲዩር» ላይ ግን አንድም ይሁን አሥር ድምፁ ያው ነው።

ከግስ በፊት የሚመጣ ሌላ «ለር» ደግሞ አለ። «ዥ ለር ፓርል»፣ አናግራቸዋለሁ። እሱ አገናዛቢ አይደለም፣ «ኤስ» በጭራሽ አይነካውም።

ጥያቄ፦ «እጄን ታጠብኩ» ለማለት «ሜ ማን» ብል ምን አለበት?

መልስ፦ ይገባቸዋል፣ ግን እንግዳ መሆንዎ ይታወቃል። ፈረንሳይኛ በሰውነት ክፍል ላይ «የኔ» ማለት አይወድም። ግሱ ላይ «ራሴን» የምትል ቃል ካለች እጁ የማን እንደሆነ ተነገረ ማለት ነው፦ «ዥ ም ላቭ ሌ ማን»። ራሴን አመመኝ «ዤ ማል አ ላ ቴት» ነው፣ «ማ ቴት» የለም። ጥርስም፣ ፀጉርም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት በፈረንሳይኛ ማመልከቻ ልልክ ነው። ከደብዳቤው አራት ቦታ ጠርጥሬያለሁ። መጀመሪያው «ሞን ሜስየ» ይላል። ቀጥሎ «ታ ሌትር ደርሶኛል»፣ ከዚያ «ማ ኤክስፔሪያንስ»፣ መጨረሻ ላይ «ሞን ፎቶ ኤ ዲፕሎም አያይዣለሁ»። ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፤ እንዳልዋረድ እባክዎ ያዩልኝ። (ከጅማ፣ ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ምን ውርደት አለው። አፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ሆኖ፣ ፈረንሳይኛም ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ሆኖ ሳለ እንዲህ ብለው መነሳትዎ ደስ ይላል። አራቱንም ልይልዎ።

«ሜስየ» ውስጥ «ሞን» አስቀድሞ አለበት። ጥንት «ሞን ሲየር» ነበር፣ ጌታዬ እንደ ማለት። «ማዳም»ም «ማ ዳም» ነው፣ እመቤቴ። ለዚህ ነው ብዙ ሲሆኑ «ሜሲየ» እና «ሜዳም» የሚባሉት፤ «ሞን» እና «ማ» ወደ «ሜ» ሲለወጡ ይታያል። የድሮ አማርኛችን ፈረንጁን «ሙሴ እገሌ» ሲል ያንኑ ቃል ነው የወሰደው። ስለዚህ «ሞን ሜስየ» ጌታዬ ጌታዬ ይሆናል። «ሜስየ» ብለው ነጠላ ሰረዝ ያድርጉና ወደ ታች ይውረዱ።

«ታ ሌትር» ለማያውቁት ሰው አይሆንም። «ቮትር ሌትር» ይበሉ። ከራስጌው እስከ ግርጌው «ቮትር»ን ይያዙ፤ ብዙ ነገር ሲሆን «ቮ»። አንድ ቦታ «ቮትር» ሌላ ቦታ «ታ» ካሉ ሰውየውን መሐል ላይ አንተ እንዳሉት ነው።

«ኤክስፔሪያንስ» ሴቴ ናት፣ ግን በአናባቢ ትጀምራለች። «ሞኔክስፔሪያንስ»። «ረዥም ልምዴ» ለማለት «ሎንግ»ን ከፊት ካስገቡ «ማ ሎንግ ኤክስፔሪያንስ» ይሆናል።

አራተኛው ላይ ሁለት ነገር አለ። «ፎቶ» መጨረሻው ወንዴ ቢመስልም ሴቴ ናት፣ የ«ፎቶግራፊ» ምህጻር ስለሆነች። «ማ ፎቶ»። ደግሞ እንግሊዝኛ አንድ «ማይ» ብሎ ሁለቱንም ዕቃ ይጠቀልልበታል፤ ፈረንሳይኛ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ይፈልጋል። አማርኛም «ፎቶዬንና ዲፕሎማዬን» ነው የሚለው፣ «ፎቶና ዲፕሎማዬን» ቢሉ ፎቶው የማን ነው እንልዎታለን። ስለዚህ «ማ ፎቶ ኤ ሞን ዲፕሎም»። የቀረው ደብዳቤ ደህና ነው፤ ይላኩት።